በአዋቂዎች ማረሚያ ቤት የሚገኙ ልጆችን የማስተማር ኃላፊነት የማን ነው?

ጠመኔና ሰሌዳ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ ተሳታፊዎች። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ በፍርድ ወይም በቀጠሮ ምክንያት አዋቂዎች በሚታሰሩበት ማረሚያ ቤት ሲገባ፣ ትምህርቱን የማስቀጠል ኃላፊነት የማን እንደሆነ እንድንነጋገር እፈልጋለሁ። ማረሚያ ቤት ውስጥ ለዓመታት ሳስተምር ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጥ ባለሥልጣን አላጋጠመኝም። አስተዳደሩ «የእኛ ሥራ ጥበቃ ነው፣ ትምህርት የሌላ መሥሪያ ቤት ነው» ይላል። የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ «ከአጥሩ በስተጀርባ ሥልጣን የለንም» ይላል። ሁለቱም የየራሳቸውን ማቋቋሚያ ሕግ ጠቅሰው ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ልጁ ግን በሁለቱ ክርክር መካከል የትምህርት ዘመኑ ያልፍበታል።

ልጆች ከአዋቂዎች ተለይተው መያዝ እንዳለባቸው የሚያከራክር ነገር የለም። እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፣ የ1989ኙ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንና የ1990ው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ሁሉም ይህንኑ ይደነግጋሉ። በሰብአዊ መብት ሕግ ምሁሩ በማንፍሬድ ኖዋክ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበው ዓለም አቀፍ ጥናት በዓመት ቢያንስ 410,000 ሕፃናት በፍርድ መጠበቂያና በማረሚያ ቤቶች እንደሚያዙ ገምቷል፤ በፖሊስ ጣቢያ የሚቆዩት በዚህ ቁጥር ውስጥ አልተካተቱም። ከእነዚህ ልጆች መካከል ለልጆች ተብሎ የተሠራ ተቋም ባለመኖሩ ወይም ሕጉ እንደ አዋቂ እንዲከሰሱ በመፍቀዱ ከአዋቂዎች ጋር በአንድ አጥር ውስጥ የሚውሉ አሉ። እነርሱ ከዚያ እንዲወጡ መታገል ተገቢ ነው። እስኪወጡ ድረስ ግን ነገ ጠዋት ማን ያስተምራቸዋል?

እኔ በበኩሌ ኃላፊነቱ በሕግም በበጀትም የትምህርት መሥሪያ ቤቱ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ልጁ ከመታሰሩ በፊት ተማሪ ነበር፤ ሲፈታም ተማሪ ነው። በመካከል ያለውን ጊዜ ለይቶ ለሌላ መሥሪያ ቤት መስጠት ትምህርቱን ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣ ሌላ ጊዜ መቁረጥ ነው። ማረሚያ ቤቱ በራሱ መምህርና በራሱ ፈተና ያስተማረው ልጅ ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲመለስ ውጤቱን የሚቀበልለት አያገኝም። እኔ ዘንድ ሰባተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያጠናቀቀ ልጅ፣ ስሙ በየትኛውም የትምህርት ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ ስላልነበረ እንደገና ሰባተኛ ክፍል እንዲቀመጥ ተደረገ። ሁለተኛውን ሰባተኛ ክፍል አልጨረሰውም።

«የጋራ ኃላፊነት» የሚለው አነጋገር በስብሰባ ላይ ሁሉንም ያስማማል። የመምህሩን ደመወዝ ማን ይክፈል፣ ልጁ ክፍል ያልገባበትን ምክንያት ማን በጽሑፍ ያስረዳ ሲባል ግን እጅ የሚያወጣ አይገኝም። የእናንተን አስተያየት በአክብሮት እጠብቃለሁ።

ሸንጎ፦

መምህር፣ ርእሱን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። በሕግ ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ ስለ ዓለም አቀፍ ደንቦቹ ይዘት ጥቂት ልጨምር፤ ከሚታሰበው በላይ ዝርዝር ናቸውና።

እ.ኤ.አ. በ1990 የጸደቁት የሃቫና ደንቦች፣ ማለትም ነጻነታቸውን ስለተነፈጉ ልጆች ጥበቃ የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦች፣ በቁጥር 38 ላይ፣ በግዴታ ትምህርት ዕድሜ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ነጻነቱን የተነፈገ ልጅ ለፍላጎቱና ለችሎታው የሚስማማ ትምህርት የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራሉ። ትምህርቱም እስከተቻለ ድረስ ከተቋሙ ውጭ ባለ የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ብቁ በሆኑ መምህራንና ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር በተሳሰረ ፕሮግራም መሰጠት አለበት። ቁጥር 40 ልጁ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት መታሰሩን በምንም መንገድ እንዳያመለክት ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት የእስረኞች አያያዝ ደንቦች፣ የማንዴላ ደንቦች የሚባሉት፣ በቁጥር 104 የወጣት እስረኞችና የማያነቡ እስረኞች ትምህርት ግዴታ እንዲሆን፣ በተቻለ መጠንም ከአገሪቱ የትምህርት ሥርዓት ጋር እንዲያያዝ ይጠይቃሉ። የማንዴላ ደንቦች ስለ እስረኞች በጠቅላላው የወጡ በመሆናቸው፣ «ይህ የአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ስለሆነ አይመለከተንም» የሚለው መከላከያ በእነርሱ ፊት አይቆምም።

ክፍተቱ ያለው ኃላፊውን መሰየሙ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ የቤጂንግ ደንቦች፣ ማለትም ስለ ወጣት ጥፋተኞች ፍትሕ አስተዳደር የወጡት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦች፣ በቁጥር 26.6 ልጆቹ ከተቋሙ ሲወጡ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩ እንዳይሆኑ በሚኒስቴሮችና በመምሪያዎች መካከል ትብብር እንዲጠናከር ይላሉ። ቃሉ ትብብር ነው። ተባባሪዎቹ ባይተባበሩ ማን እንደሚጠየቅ ደንቦቹ ለየአገሩ ሕግ ትተውታል፤ የየአገሩ ሕግ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል።

ዝም ያላለ ሕግ ለማየት የአሜሪካን ልምድ ማንሳት ይጠቅማል። አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ተገቢ የሆነ ነጻ ትምህርት የሚያረጋግጠው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሻሻል፣ እንደ አዋቂ ተፈርዶባቸው በአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ያሉትን ተማሪዎች በተመለከተ የግዛቱ አገረ ገዥ ኃላፊነቱን ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ የመንግሥት አካል ማዛወር እንዲችል ፈቀደ። ሌላው አካል በተግባር ማረሚያ ቤቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የአዋቂ ማረሚያ ቤት ታራሚዎችን የሚያስተምር አካል በግዛቱ የትምህርት ኃላፊ በኩል በውል እንዲፈለግ አደረገ። ክርክሩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 በሰጠው ውሳኔ ልጆቹ የመማር መብት እንዳላቸው ተቀበለ፤ የአካባቢው የትምህርት ወረዳዎች ግን ከዚህ ልዩ ሕግ ውጭ የማስተማር ግዴታ እንደሌለባቸው ወሰነ። መብቱ ታውቆለት እንኳ «በእኔ ላይ አይደለም» የሚል ተከራካሪ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦

ሁለታችሁንም በጥሞና አንብቤአለሁ። ረጅም ዘመን በማረሚያ ቤት አስተዳደር ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ፤ ከመምህሩ ሐሳብ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም።

ማረሚያ ቤት ውስጥ ጊዜን የሚያዝዘው አስተዳደሩ ነው። ቆጠራ መቼ እንደሚካሄድ፣ በር መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ከየትኛው ዞን ወደየት እንደሚሻገር፣ ለማሻገርም ስንት ጥበቃ እንደሚመደብ የሚወስነው የትምህርት ቢሮ አይደለም። መምህሩ በሰዓቱ መጥቶ በር ላይ ሲቆም፣ ልጆቹን ከአዋቂዎቹ ዞን አውጥቶ የሚያመጣ ጥበቃ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ሄዶ ከሆነ ትምህርት የለም። የጸጥታ ችግር ሲፈጠር በመጀመሪያ የሚሰረዘው ክፍል ነው፤ ሲረጋጋ በመጨረሻ የሚመለሰውም ክፍል ነው። ይህን የምለው በኩራት አይደለም፣ አሠራሩ እንዲህ ስለሆነ ነው። ታዲያ ቁልፉ በእጁ ያልሆነ መሥሪያ ቤት እንዴት ኃላፊ ይባላል? በወረቀት ላይ ኃላፊው የትምህርት ቢሮ ከሆነ፣ የማረሚያ ቤቱ አዛዥ ክፍል ሲሰረዝ በእርሱ ላይ የሚመጣ ነገር እንደሌለ ያውቃል። እኔ አዛዥ ሳለሁ የምጠየቀው እስረኛ ቢያመልጥብኝ ነበር፤ ስለ ቀረ ክፍለ ጊዜ የጠየቀኝ የበላይ አካል አልነበረም። ኃላፊነቱ የማረሚያ ቤቱ ቢሆንና አዛዡ በሥራ አፈጻጸሙ ስለ ትምህርትም ቢመዘን ኖሮ፣ ለክፍሉ ጥበቃ የሚመደበው ከሁሉ አስቀድሞ ይሆን ነበር።

ገንዘቡንም አስቡት። የትምህርት ቢሮ በጀት የሚያወጣው በተማሪ ቁጥር ነው። እኛ ዘንድ ግን ቁጥሩ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፤ ዛሬ ያለው ልጅ ነገ በዋስ ይወጣል፣ ሌላው ወደ ሌላ ማረሚያ ቤት ይዛወራል። በዓመቱ መጀመሪያ በተቆጠረ ቁጥር የሚሠራ በጀት ለእንዲህ ዓይነቱ ቦታ አይሆንም።

ጠመኔና ሰሌዳ፦

ክቡር አስተዳዳሪ፣ ከውስጥ የሚያውቁትን በግልጽ ስለነገሩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ስለ ጥበቃና ስለ ቆጠራ ያሉት ሁሉ እኔም የኖርሁበት ነው። ከዚያ የደረሱበት መደምደሚያ ግን የሚከተል አይመስለኝም።

ሕክምናን እንመልከት። በማረሚያ ቤት ሐኪምም ያለ ጥበቃ በሽተኛውን አያገኝም፤ ቁልፉም በእጁ አይደለም። ሆኖም ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994፣ እንግሊዝም በ2006 የእስረኞችን ሕክምና ከማረሚያ ቤቱ ሥር አውጥተው ለመደበኛው የጤና ሥርዓት አስረክበዋል። ይህን ያደረጉበት ምክንያት ሐኪሙ የሙያ ነጻነት እንዲኖረው፣ የሕክምናው ደረጃም ውጭ ካለው እንዳያንስ ነው። በሽተኛን ወደ ክሊኒክ የማድረሱ ግዴታ ግን በማረሚያ ቤቱ ላይ ቀርቷል። ኖርዌይ ትምህርትንም፣ ቤተ መጻሕፍትንም በዚሁ መንገድ ከውጭ ባሉ መደበኛ ተቋማት በኩል ታቀርባለች፤ ማረሚያ ቤቱ የራሱን መምህር አይቀጥርም። በፈረንሳይ ልጆች በአዋቂ ማረሚያ ቤት ውስጥ በተከለለ የልጆች ክፍል ሲቀመጡ እንኳ የሚያስተምሯቸው የትምህርት ሚኒስቴር መምህራን ናቸው።

ስለዚህ የማስተማሩንና የማድረሱን ግዴታ ለይተን እንጻፋቸው። ምን እንደሚማር፣ በማን እንደሚማር፣ ውጤቱ የት እንደሚመዘገብና ወጪው ከየት እንደሚሸፈን የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ይጠየቅበት። ልጁ በሰዓቱ ክፍል መድረሱን፣ ክፍሉም የተዘጋጀና ከአዋቂዎች የተለየ መሆኑን ማረሚያ ቤቱ ይጠየቅበት። እርስዎ እንዳሉት አዛዡ በሥራ አፈጻጸሙ በዚህ ይመዘን፤ ሐሳብዎን ሙሉ በሙሉ እቀበለዋለሁ። የሚመዘነው ግን ልጁን በማምጣቱ ነው። አልጀብራ በደንብ ተማረ ወይስ አልተማረ ለሚለው አዛዥን ተጠያቂ ማድረግ በማያውቀው ሙያ መጠየቅ ነው፤ የማያውቁትን የሚጠየቁ ሰዎች ደግሞ ሪፖርት ማሳመር ይማራሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የማረሚያ ቤቱ ተቀጣሪ የሆነ መምህር ክፍል በተሰረዘ ቁጥር ለማን አቤት ይላል? አለቃው የሰረዘው ሰው ነው። የትምህርት ቢሮ ተቀጣሪ ከሆነ ግን የሚጽፍለት ሌላ አለቃ አለው።

የልዩ ፍላጎት መምህርት፦

ውይይቱ መልካም ሆኖ ሳለ እስካሁን በጥቂቱ የተነካው ነገር እኔን በጣም ያሳስበኛል። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው ከመታሰራቸው በፊትም ከትምህርት ቤት የራቁ ናቸው። ማንበብ የሚቸግራቸው፣ የመስማት ወይም የማየት ችግራቸው ሳይታወቅ «ሰነፍ» ተብለው ያደጉ፣ ከደረሰባቸው ጉዳት የተነሣ አንድ ቦታ ተረጋግተው መቀመጥ የማይችሉ ልጆች በመካከላቸው በብዛት አሉ። ልጁ ምን እንደሚያስፈልገው ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ያለው በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ ነው። እኔ ከመምህሩ ጎን የቆምሁት በዋናነት ስለዚህ ነው።

ሸንጎ የጠቀሱት የአሜሪካ ሕግ በዚህ በኩልም መታየት አለበት። ለልጁ የተዘጋጀው የግል የትምህርት ዕቅድ፣ ግዛቱ በሌላ መንገድ ሊወጣው የማይችል እውነተኛ የጸጥታ ምክንያት ወይም አስገዳጅ የእርማት ጥቅም መኖሩን ካሳየ ሊለወጥ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሐሳቡ ሲነበብ ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን ምክንያቱን የሚያቀርበውም፣ ምክንያቱ በቂ መሆኑን የሚወስነውም ያው ኃላፊ አካል ከሆነ ልዩ ሁኔታው ቀስ በቀስ መደበኛ ይሆናል። የማስተማሩን ኃላፊነት ከጠባቂው እጅ ማውጣት ከሚያስፈልግባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህ የባሰ አንድ ወጥመድ አለ። ልጁን ከአዋቂዎች ለይ የሚለው ሕግ፣ የተለየ ቦታ በሌለበት ማረሚያ ቤት፣ ልጁን ለብቻው መዝጋት ይሆናል። ለደኅንነቱ ተብሎ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ለብቻው የሚውል ልጅ፣ ትምህርቱ በበር ስንጥቅ የሚገባ የመልመጃ ወረቀት ብቻ ይሆናል። የሚያስረዳው የለም፤ ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ ወረቀቱ ለእርሱ ባዶ ነው። የሃቫና ደንቦች በቁጥር 67 ልጅን ለብቻ ማሰርን እንደ ቅጣት ይከለክላሉ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው በእስር ቤት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃትን የመከላከያ ሕግ ማስፈጸሚያ ደንቦች በ2012 ሲወጡም ይህን ወጥመድ አይተውታል፤ ልጆችን ከአዋቂዎች ለመለየት ሲባል ለብቻ ከመዝጋት ለመራቅ የተቻለው ሁሉ እንዲደረግ፣ አስገዳጅ ሁኔታ ከሌለ በቀር የዕለት የአካል እንቅስቃሴና በሕግ የተረጋገጠ የልዩ ፍላጎት ትምህርት እንዳይከለከል ያዛሉ። ወረቀት ማስገባት ማስተማር ተብሎ እንዳይመዘገብ ሕጉ በግልጽ ሊጽፈው ይገባል።

የአንድ ልጅ እናት፦

እኔ ሕግ አላውቅም፣ መምህርም አይደለሁም። ልጄ በቀጠሮ ላይ ሳለ በአዋቂዎች ማረሚያ ቤት ቆይቶ በመጨረሻ በነጻ ተለቅቋል። ስለ ትምህርቱ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ትምህርት ቤቱ ለተከታታይ ቀናት ስለቀረ ስሙን ከመዝገብ ሰረዘው። መታሰሩን ሄጄ ነገርኋቸው፤ ደንቡ ይህ ነው አሉኝ። ማረሚያ ቤቱ ውስጥ ክፍል አለ ሲባል ስሰማ ደስ አለኝ፤ ነገር ግን ክፍሉ የተፈረደባቸው ብቻ የሚመዘገቡበት መሆኑን ነገሩኝ፣ እርሱ ገና የቀጠሮ እስረኛ ነበር። መጽሐፎቹን ይዤ ሄድሁ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው አይገባም ተባለ፣ ሽፋኑን ቀድጄ አስገባሁ። ሲፈታ ትምህርት ቤቱ መሸኛ ጠየቀው። ከየት ያምጣ? ከወጣበት ትምህርት ቤት ወደዚያው ትምህርት ቤት መሸኛ የሚጽፍለት ማን ነው? ፍርድ ቤቱ ጥፋት የለብህም ብሎ ያሰናበተው ልጅ የትምህርት ዓመቱን ተቀጣ። እናንተ ስለ ኃላፊነት ስትነጋገሩ ሳነብ፣ ያኔ ሄጄ የማንኳኳው አንድ በር ቢኖር ኖሮ ብዬ አሰብሁ።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦

እህቴ፣ የደረሰባችሁን ሳነብ ልቤ አዝኗል። ልጅዎ ዛሬ በነጻነት ከእርስዎ ጋር በመሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን።

የቀጠሮ እስረኞች ከትምህርት የሚገለሉበትን ምክንያት ላስረዳ፤ ማብራራቴ ግን ማጽደቄ አይደለም። የፍርድ ዘመን ያለው እስረኛ መቼ እንደሚወጣ ስለሚታወቅ ለእርሱ ማቀድ ይቻላል። የቀጠሮ እስረኛ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሊወጣ ይችላል ተብሎ ይታሰባል። ቀጠሮው ግን ይራዘማል፣ እንደገና ይራዘማል፤ ልጁም «በቅርቡ የሚወጣ» እንደተባለ የትምህርት ዓመቱ ያልቃል። ሊወጣ ይችላል የሚለው ግምት እንዳይማር ምክንያት መሆን የለበትም። ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው ከተፈረደበት ያነሰ መብት ሊኖረው አይገባምና።

መምህሩ ግዴታዎቹን ስለ መለየት ባሉት ላይ ካሰብሁበት በኋላ ሐሳባቸው ሊሠራ ይችላል ወደሚለው አዘንብያለሁ፤ የማደርገው ቅድመ ሁኔታ ግን አለ። የክፍል መገኛ መዝገቡን መምህሩ ይያዘው። አንድ ልጅ ባልመጣ ቁጥር ያልመጣበትን ምክንያት የዕለቱ ተረኛ ኃላፊ በፊርማው ይጻፍ። መዝገቡም በየወሩ ከማረሚያ ቤቱ ውጭ ላለ አካል ይድረስ። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ይህ ቢኖር ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሰነድ ይሆን ነበር፤ ስለዚህ እንደሚሠራ አምናለሁ። ዝውውርም ይታሰብበት። እስረኛ የሚዛወረው ብዙ ጊዜ በድንገት፣ ለጸጥታ ሲባልም አስቀድሞ ሳይነገር ነው። ልጅ ሲዛወር ከሕክምና ፋይሉ ጋር የትምህርት ፋይሉም በዚያው ተሽከርካሪ መሄድ አለበት።

ሚዛን፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አንድ የሚከብድ ጥያቄ አለኝ፤ የምጠይቀውም ከልቤ ነው። ምንም ጥፋት ያልሠሩ ብዙ ልጆች መምህር በሌለው ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይማራሉ። ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ልጆችም በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ይገኛሉ። ለጥቂት እስረኛ ልጆች ልዩ መምህርና ልዩ በጀት ይመደብ ስንል ለእነርሱ ምን እንመልሳለን?

ሸንጎ፦

ወዳጄ ሚዛን፣ ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ በቀጥታ ልመልስ። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 28 ትምህርትን የሰጠው ለእያንዳንዱ ሕፃን ነው፤ ጥሩ ጠባይ ላላቸው ብሎ አልለየም። ፍርድ ቤትም ልጁ ላይ የፈረደው ነጻነቱን ነው፤ ከትምህርት ይታገድ የሚል ቅጣት በፍርዱ ውስጥ ተጽፎ አያውቅም። መንግሥት ልጁን አጥር ውስጥ ሲያስገባ ቤተሰቡ ሊያስተምረው የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ዘግቷል፤ የዘጋውን ራሱ መተካት አለበት። ውጭ ያለው ልጅ ክፍሉ ቢጨናነቅ እናቱ ሌላ ትምህርት ቤት ልትፈልግለት ትሞክራለች፤ እስረኛው ልጅ ይህ የለውም። ሁለቱን ልጆች በአንድ በጀት ላይ ማፎካከር ግን አይገባም። ልጁ በትምህርት ቤቱ ቢሆን የሚመደብለት ገንዘብ አለ፤ መጀመሪያ የምንጠይቀው ያ ገንዘብ ልጁን ተከትሎ እንዲገባ ነው። አሁን ባለው አሠራር ልጁ ሲታሰር ስሙ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ይሰረዛል፣ ገንዘቡ ግን ወደ ማረሚያ ቤቱ አይመጣም።

ገንዘቡ ልጁን ይከተላል የሚለው መርሕ አስተዳዳሪው ላነሱት የቁጥር መለዋወጥም መልስ አለው። በዓመቱ መጀመሪያ ከተወሰደ ቆጠራ ይልቅ ልጁ በክፍሉ በቆየባቸው ቀናት ልክ ይታሰብ፤ መምህሩ ግን ቁጥሩ ቢቀንስም በቋሚነት ይመደብ። በተማሪ ቁጥር ብቻ ከተወሰነ ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ሴት ልጆች ናቸው። በአንድ ማረሚያ ቤት አንዲት ወይም ሁለት ልጃገረዶች ብቻ ሲኖሩ «ለሁለት ሰው ክፍል አይከፈትም» ይባላል። የቤጂንግ ደንቦች በቁጥር 26.4 ወጣት ሴት ጥፋተኞች ለግል ፍላጎታቸው የተለየ ትኩረት እንደሚያስፈልጋቸውና በምንም መንገድ ከወንዶቹ ያነሰ ሥልጠና ማግኘት እንደሌለባቸው ይናገራሉ።

18 ዓመት ስለሚሞላበት ቀንም ልናገር። ልጁ በትምህርት ዓመቱ መካከል 18 ሲሞላው ከልጆቹ ክፍል ወጥቶ ወደ አዋቂዎቹ እንዲቀላቀል ይደረጋል፤ ፈተናው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ትምህርቱ ያበቃል። የኮንቬንሽኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው 24ኛው አጠቃላይ አስተያየት፣ በልጆች ተቋም ያለ ሰው 18 ስለሞላው ብቻ ወዲያውኑ ወደ አዋቂዎች መዛወር እንደሌለበት ገልጿል። በአዋቂ ማረሚያ ቤት ለሚማረውም ቢያንስ የጀመረውን የትምህርት ዓመት በጀመረበት ክፍል እንዲፈጽም ሕጉ ሊያዝዝ ይገባል ባይ ነኝ።

ሚዛን፦

ስለ መልስዎ አመሰግናለሁ። ስለ ገንዘቡ ያሉት አሳምኖኛል። ውጭ ላሉትም ክፍሎች ይህን ያህል የሚሟገት ሰው ይብዛልን።

የአንድ ልጅ እናት፦

አሁንም እንደ እኔ የቸገራት እናት ይህን እያነበበች ሊሆን ይችላል። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ዛሬ ምን ታድርግ? ለማን ምን ብላ ትጻፍ?

ጠመኔና ሰሌዳ፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ ለእኛ ሁላችን የሚጠቅም ነው። በልምድ ያየሁትን ልንገርዎ፤ ሸንጎ የሚያርሙት ካለ ያርሙኝ።

ከሁሉ አስቀድማ ልጁ ወደሚማርበት ትምህርት ቤት ሄዳ፣ ስሙ ከመሰረዙ በፊት፣ ልጁ የቀረው በመንግሥት እጅ ስለሆነ እንጂ በፈቃዱ እንዳልሆነ በጽሑፍ ታስታውቅ፤ የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ትያዝ። በዚያው ዕለት እስከዚያ ድረስ ያለውን ውጤት የሚያሳይ ወረቀት ትጠይቅ፤ ከወራት በኋላ መጠየቅ ይከብዳል። ቀጥላ ለማረሚያ ቤቱ አስተዳደርና ለአካባቢው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ትጻፍ፤ በእያንዳንዱ ላይ ለሌላው ግልባጭ መደረጉን ትግለጽ። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንዱ ለሌላው እንደተጻፈ ሲያውቁ «እኛን አይመለከትም» ለማለት ይቸገራሉ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የልጁ ዕድሜ፣ የደረሰበት ክፍል፣ የቀጠሮ እስረኛ መሆኑ፣ የልዩ ፍላጎት ካለው እርሱም፣ ከዚያም በየትኛው ቀን ትምህርት እንደሚጀምርና ካልተጀመረ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣት ትጠይቅ። ጠበቃ ካለው ደግሞ የትምህርቱ ጉዳይ በችሎት እንዲነሣ ታድርግ። ዳኛው ልጁ የት እንደሚቆይ ሲወስን ትምህርት ያለበትንና የሌለበትን ቦታ ማወቅ አለበት።

ሸንጎ፦

የሚታረም የለኝም፤ አንድ ብቻ ልጨምር። ብሔራዊ ፈተና የሚወስድበት ዓመት ከሆነ የምዝገባው ቀን ከማለፉ በፊት ስሙ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ በኩል እንዲመዘገብ ትጠይቅ። በማረሚያ ቤቱ ስም ከተመዘገበ የምስክር ወረቀቱ ላይ የማረሚያ ቤቱ ስም ይወጣል፤ በኋላ ለማስለወጥ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦

መጽሐፍም ስታስገባ በዝርዝር ጽፋ በበሩ ላይ ታስፈርም። ተረኛ በተለወጠ ቁጥር የገባው መጽሐፍ እንደ አዲስ ይከለከላልና የተፈረመበት ዝርዝር ለልጁም አንድ ቅጂ ይሰጠው።